ጸበል የጠጣው አውቶብስ

ጎጃም ባቡር ገብቶበት አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ባቡርን ከሥዕል ውጭ ሳያይ ያለፈው ሰው ስንቱ ነው! እኛ ሠፈር ግን አንድ ባቡር አለን። እርግጥ ጎማ አለው፣ ሐዲድ የለውም፣ ታርጋውም የአውቶብስ ነው። ቢሆንም ርዝመቱን ያየና ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ «ባቡሩ» ነው የሚለው። ባለቤቱ ጋሽ እንዳላማውም ይህን ስም ሲሰማ ደስ ይለዋል።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ አጥራችን አንድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥቤ ባሰጣሁ ቁጥር ባቡሩ ይነሳል። ጢሱ አጥሩን ዘልሎ ይመጣና ነጭ አንሶላዬ ላይ ያርፋል።

«ጋሽ እንዳላማው፣ ሌላ ቀን አጣህ?» እለዋለሁ።

«ሞተር በሳምንት አንድ ቀን ካልተነሳ ይታመማል፣ አንቺ እስከዳር።»

«አንሶላዬስ?»

«አንሶላማ ይታጠባል።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ጠቡ ሳያልቅ ሚስቱ እትዬ ወለተ ሥላሴ ትኩስ ዳቦ በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች። ዳቦ እየበሉ መጣላት ደግሞ አይመችም፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ጋሽ እንዳላማው የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ እሱም ድቁና ተቀብሎ እንዲመለስ ደብረ ወርቅ ለትምህርት ሰደዱት። ዜማ ጀምሮ ነበር፤ ድምፁም መልካም ነበር ይላሉ የሚያውቁት። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ለገና ወደ ቤቱ ሲመለስ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ አንድ አዲስ የጣሊያን አውቶብስ ቆሞ አየ። ቀይና ክሬም ቀለም የተቀባ፣ መብራቱ ክብ፣ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ፣ ከኋላው መሰላል ያለው። ረዳቱ ታሞ ቀርቶ ኖሮ ሹፌሩ ልጁን አየውና «ዕቃ መጫን ትችላለህ?» አለው። ጫነ። አማኑኤል ሲደርሱ ግን መውረድ አቃተው። በሦስተኛው ቀን አውቶብሱ ከባሕር ዳር ሲመለስ አባቱ ጣሪያው ላይ፣ ከጤፍ ጆንያ መሐል ተቀምጦ አገኙት። ሦስት ዓመት አላናገሩትም።

ከዚያ በኋላ ረዳት ሆነ፣ ቲኬት ቆረጠ፣ በመጨረሻም ጋራዥ ገብቶ መካኒክ ሆነ። መጽሐፍ አይቶ አልተማረም፤ ሞተርን የሚያውቀው በጆሮው ነው። አንድ ቀን ከባቡሩ አጠገብ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ አገኘሁትና «ምን ሆንህ?» ብለው፣ «ሦስተኛው ሲሊንደር እንደ ሰነፍ ደብተራ ዘግይቶ ነው የሚገባው» አለኝ። ፈትቶ ሲያየው እውነትም ችግሩ እዚያው ነበር።

የአውቶብሱ ድርጅት ሲፈርስ ባቡሩ ሜዳ ላይ ተጣለ። ዶሮ እንቁላል ይጥልበት ጀመር። ለጨረታ ሲወጣ አንዱ ጎማውን፣ ሌላው ወንበሩን ለመግዛት መጣ፤ ጋሽ እንዳላማው ሁሉንም በአንድ ላይ ገዛው። በምን? ለቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ተብሎ በተያዘው ገንዘብ። በዚያ ክረምት ቤቱ እንደ ወንፊት ሲያፈስ፣ «እባክሽ ባቡሩ ውስጥ እንደር፣ እሱ አያፈስም» ቢላት፣ እትዬ ወለተ ሥላሴ «ጣውንቴ ቤት አላድርም» ብላ ጎድጓዳ ሳህን በየጠብታው ሥር ደርድራ መደቧ ላይ ተኛች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጣውንቴ ሆነ። «ጣውንቴ ዛሬ ምን በላች?» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «ዘይት» ብሎ በቁም ነገር ይመልሳል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በእጇ ነክታው፣ ደረጃውንም ረግጣው አታውቅም።

እሱ ግን ከዕለት ወደ ዕለት ሠራው። ደምበጫ ገበያ ሄዶ ሳለ አንድ ገበሬ የዶሮ ቤቱ መስኮት ያደረገውን መስታወት አየና በጠርዙ ለይቶ የባቡሩ መሆኑን አወቀ፤ በአንድ ሙክት ለወጠው። ገበሬው እስከ ዛሬ ይስቃል አሉ። ወንበሩን ራሱ ሰፋ። ቀይና ክሬሙን ቀለም እኔ አጥር ላይ ሳይቀር አንጠባጥቦ ቀባው።

አምና ችግር መጣ። መንገዱ ሊሰፋ ሆነና የእነ ጋሽ እንዳላማው ግቢ ግማሹ እንደሚፈርስ ተነገረ። የቀረው ቦታ ለባቡሩ አይበቃም። ወሬው እንደተሰማ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሜትር ይዞ መጥቶ ባቡሩን ከፊት እስከ ኋላ ለካው። ሰውዬው ሲወጣ ጋሽ እንዳላማው የለካበትን ቦታ ሁሉ በጨርቅ ጠረገ።

ያኔ ነው ሰውነት የሚባለው ልጅ የመጣው። ሰውነት የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ነው፤ የእኔም ተማሪ ነበር፣ ከጠረጴዛ ሥር ቆሎ እየበላ ያስቸገረኝ። አሁን ፋይል ይዞ ይሄዳል። የድሮው መናኸሪያ ውስጥ ባዶ መጠለያ እንዳለ፣ ባቡሩ እዚያ ቆሞ ለበዓል ቀን እንግዳ ቢያመላልስ እንደሚሻል ለአለቃው ነግሮ ኖሯል። አለቃው «የሞተ ብረት አናስጠልልም» አለ። «በሕይወት ካለ ያሳየን። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሰው ጭኖ አማኑኤል ደርሶ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ይመለስ። ካልተመለሰ ሰኞ ብረት ነጋዴው ይውሰደው።»

መንገዱ ደርሶ መልስ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሌላ መኪና ምንም አይደለም። ጋሽ እንዳላማው ግን ያን ሳምንት እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። በቀን አሥር ጊዜ ሞተሩን ከፍቶ ይዘጋል፤ ያጠበቀውን ብሎን መልሶ ያጠብቃል። በጎረቤትነት ስንኖር ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ካየሁት ሚስቱማ ስንት አይታ ይሆን።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እትዬ ወለተ ሥላሴ በአጥሩ በኩል በሹክሹክታ ጠራችኝ። ብወጣ ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዛ ባቡሩ አጠገብ ቆማለች። ባልየው ገና አልተነሣም።

«ነይ እስቲ ያዥልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«የአቦ ጸበል። ትናንት በጾም ሄጄ ያመጣሁት ነው።»

«ለማን?»

በአገጯ ወደ ባቡሩ አመለከተች።

«ልትረጪው ነው?»

«መርጨትማ ቄሱም አምና ረጭተውታል። እሱን የሚያመው ሆዱን ነው። ሆዱን የሚያመው ሰው ጸበል ይረጫል ወይስ ይጠጣል?»

«ይጠጣል» አልሁ።

«በይ ያዥልኛ!»

አሁን የምናገረው የሚያሳፍረኝን ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ውኃና ዘይት እንደማይዋሐዱ፣ ውኃው ከሥር እንደሚቀመጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥያለሁ! «ውኃ ልጨምርበት» ብትለኝ ኖሮ ጮሄ ሠፈሩን እቀሰቅስ ነበር። እሷ ግን ጸበል አለችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ አማተብሁ፤ ከዚያ የናፍጣው መክፈቻ የት እንዳለ ስለማታውቅ እኔው ክዳኑን ፈትቼ፣ ታቹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘቅዝቄ ያዝሁላት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንቆረቆረችው። ሲያልቅ እጇን የባቡሩ ጎን ላይ አሳረፈችና «በል እንግዲህ፣ ሰውዬዬን አታሳፍርብኝ» አለችው። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ኬሚስትሪው ግን አልመጣልኝም።

በሦስት ሰዓት ተሳፋሪው ሞላ። ሠላሳ አንድ ሽማግሌና አሮጊት፣ ሁሉም በወጣትነታቸው በዚህ አውቶብስ የሄዱ። አንዷ የተዳሩ ለት፣ አንዱ ወታደር ቤት ሲገቡ የተሳፈሩበት ነው። ከፊት ወንበር መሪጌታ አካለ ወልድ ተቀመጡ፤ ጋሽ እንዳላማውን ደብረ ወርቅ ዜማ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ከኋላቸው፣ ሰውነት ፋይሉን ይዞ ከእኔ አጠገብ። እትዬ ወለተ ሥላሴ ግን «እኔ ከበሩ ሆኜ አያችኋለሁ» ብላ ቀረች።

ባቡሩ ተነሣ። ጥሩንባው ሲነፋ ሠፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ እንዳላማው ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድንም፤ ከከተማው መውጫ ላይ ባቡሩ አሳለ። ደግሞ አሳለ። ከዚያ ጸጥ አለና ቆመ።

ጋሽ እንዳላማው ወርዶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ናፍጣው የሚጣራባት ትንሽ የመስታወት ኩባያ አለች፤ እሷን ፈትቶ ወደ ብርሃን አነሣት። ግማሿ ጥርት ያለ ውኃ ነው።

«ውኃ!» ብሎ ጮኸ። «ናፍጣዬ ውስጥ ውኃ! ብረት ነጋዴው ነው! ይህን ያደረገ ሰው እጁ...»

«ተው! እንዳትረግም!» ብዬ ከደረጃው ዘልዬ ወረድሁ። ልክ በዚያው ቅጽበት እትዬ ወለተ ሥላሴ የባቡሩን መቆም ሰምታ በባጃጅ ደርሳ ነበር። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየሁ። «ውኃ አይደለም፣ ጋሽ እንዳላማው። ጸበል ነው። ጠርሙሱን የያዝሁት እኔ ነኝ።»

ያፈሰሰችውን አልተናገርሁም። መናገርም አላስፈለገም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች።

መጀመሪያ የተናገረው ሰውነት ነው። «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት የያዙት? ኬሚስትሪ ያስተማሩን እርስዎ?»

«ዝም በል አንተ፣ ሲ ያመጣህ ልጅ!»

ሰውነት ሰዓቱን አየና ወደ ጋሽ እንዳላማው ዞረ። «ጋሼ፣ ችግር የለውም። የናፍጣው ጋን ከሥሩ መክፈቻ አለው አይደል? ይከፈትና ውኃው ቦይ ውስጥ ይፍሰስ። ከባዱ እሱ ስለሆነ ቀድሞ ይወርዳል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንነሣለን።»

ልክ ነበር፤ ሲ ያመጣ ልጅም ይህን አልሳተም። ጋሽ እንዳላማው ቁልፉን በእጁ ይዞ ቦዩን አየ። አህያ የሚረግጠው፣ ሰው የሚተፋበት ቦይ ነው። ከዚያ ሚስቱን አየ።

«ጸበል ቦይ ውስጥ አይፈስም» አለ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ...»

«ሰዓቱን አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ማወቁንስ ያውቃል። ሰኞ የብረት ነጋዴው መኪና እንደሚመጣም ያውቃል። ቁልፉን ግን ኪሱ ከተተው።

ነገሩ ወደ መሪጌታ አካለ ወልድ ቀረበ። ከወንበራቸው ሳይነሡ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሰሙ። «አስተማሪዋ፣ ሁለቱ ይለያያሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሲያድር ይለያያል፣ የኔታ። ጸበሉ ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ።»

«እንግዲያው በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ። ሲለያይ ናፍጣውን ለባለቤቱ፣ ጸበሉን እግር ወደማይረግጠው ቦታ።»

ንጹሕ ዕቃ ከየት ይምጣ? የጋሽ እንዳላማው ባልዲ በግራሶ የተለወሰ ነው። አንዲት አሮጊት «ይኸው» ብለው የሃይላንድ ጠርሙሳቸውን አወጡ። ከዚያ ከየወንበሩ ጠርሙስ መውጣት ጀመረ። ውኃ የያዘው ውኃውን ጠጣ፤ ጠላ የያዙት አባትም ግዴታቸውን ሳያጉረመርሙ ተወጡ። ጋሽ እንዳላማው የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ከባቡሩ ሥር ገባ፤ ኮቱን አውልቆ ለጠብታ መቀበያ አነጠፈው። ጠርሙስ ሲሞላ ለእኔ፣ እኔ ለሰውነት፣ ሰውነት በመስኮት ለተሳፋሪው። ሰውነት ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው አላውቅም። መክፈቻው ብዙ ከተከፈተ ስለሚረጭ ጥቂት በጥቂት ነው የሚቀዳው። አራት ሰዓት ሆነ።

እትዬ ወለተ ሥላሴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «እኔ ነኝ የገደልሁት» ትላለች። «ምነው እጄን ባሳጠረው።»

ጋሽ እንዳላማው ከባቡሩ ሥር ወጣ። ጭቃና ናፍጣ ለብሷል። በእጁ አንድ ስንዝር የምትሆን ቀጭን ቧንቧ ይዟል፤ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ አሳያት።

«እይ ይህን። የፍሬን ቧንቧ ነው። ተበልቶ ተበልቶ ወረቀት ሆኗል። ሥር ባልገባ አላየውም ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ቢፈነዳ ይህ ሁሉ ሽማግሌ የት ነበር የሚገባው? ለወጥሁት። ጸበልሽ ነው ያቆመን።»

ያ ሁሉ ሰው በመስኮት እልል አለ። መሪጌታ አማተቡ። እሷ ቧንቧዋን ተቀብላ አገላብጣ አየቻት፣ ከዚያ እሱን አየችው፣ ከዚያ ቧንቧዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። እንባዋንም ጠረገች።

አየሩን ከናፍጣው መስመር አስወጥቶ ሞተሩን ሲያስነሣ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። በሩን ከፍቶ «ግቢ እንጂ» አላት። ደረጃው ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ገባች። መሪጌታ ራሳቸው ተነሥተው ወንበራቸውን ሊለቁላት ሲሉ «የለም፣ እርስዎ ይቀመጡ» እየተባባሉ ሌላ አምስት ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ከሞተሩ አጠገብ፣ ከባሏ ጎን ተቀመጠች። አማኑኤል ስንደርስ የገበያው ሰው ገበያውን ትቶ ከበበን።

ደብረ ማርቆስ ተመልሰን የድሮው መናኸሪያ ስንገባ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። አለቅየው መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ ነበር። «አልፏል» አለ ሰዓቱን እያሳየ። «ሰዎቹን አውርዱ።»

ማንም አልወረደም። ተነጋግረውም አይደለም። ሠላሳ አንድ ሽማግሌ እንደተቀመጠ ቀረ። ሽማግሌን ደግሞ ማን ክንዱን ይዞ ይጎትታል? አለቅየው ሊለምናቸው ወደ ውስጥ ገባ። መሪጌታ ጠጋ አሉና «ና፣ ልጄ፣ አጠገቤ አረፍ በል» አሉት። እንቢ ማለት አይቻልም፤ ተቀመጠ። ከኋላ አንዷ ቆሎ አቀበሉት። ቆሎውን እየቆረጠመ ጣሪያውን አየ፣ የወንበሩን ስፌት ነካ፣ መስኮቱን ከፍቶ ዘጋ።

«ስንት ሰዓት ነው የተነሣችሁት?» ብሎ ሰውነትን ጠየቀው።

ሰውነት እኔን አየኝ። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

«ይህ ሞተር የተነሣው በአራት ሰዓት ተኩል ነው» አለ ሰውነት።

«በሁለት ሰዓት ደርሶ መልስ? ለሽማግሌ ፈጥኗል።» እስክሪብቶ ጠየቀና የመጠለያውን ፈቃድ እዚያው ጉልበቱ ላይ ፈረመ። ጋሽ እንዳላማው መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኛም አለቀስን፤ ምን እናድርግ።

በሳምንቱ ባቡሩን መጠለያው ውስጥ ሲያጥብ አገኘሁት። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቶ ነበር።

«ጋሽ እንዳላማው፣ የፍሬን ቧንቧ ሲለወጥ ዘይቱ አይፈስም? ያን ቀን ሲፈስ አላየሁም።»

ጨርቁን ጨመቀ። «አምና የለወጥሁት ነው። ሣጥኔ ውስጥ ነበር።»

«በጸበል ይዋሻል?»

«በጸበሉ አልዋሸሁም። በቧንቧው ነው የዋሸሁት።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ባቡሬን ነካች። አጠፋሽ ልበላት?»

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ማልሁ። ግን እትዬ ወለተ ሥላሴ ያችን ቧንቧ አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሣጥኗ ውስጥ ከሠርግ ቀሚሷ ጋር እንዳስቀመጠቻት ስታሳየኝ ሆዴ አልችል አለኝ። ፊቴ አሳብቆብኝ ይሁን አላውቅም፣ ሳልናገር ሳቀች።

«የአምናዋ ናት» አለችኝ። «ከኮቱ ኪስ አውጥቼ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ የጣልኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን እንዳየኋት ነው ያወቅኋት።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጥሻት?»

ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችና የሣጥኑን ክዳን በቀስታ ዘጋችው።

«ለጣውንቴ ሲል ስንት ጊዜ ዋሽቶኛል፣ እስከዳር። ለእኔ ሲል ግን ይኸ የመጀመሪያው ነው።»